ድምፁ ተላከ፣ ሬዲዮኑ ግን አልመጣም

አጭር ሞገድ የሚያዳምጥ ሰው ትዕግሥት አያንሰውም። ጣቢያው ሲርቅበት ይጠብቃል፤ ሲደበዝዝበት አንቴናውን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ ሌላ ጣቢያ ሲደረብበት ጆሮውን አስጠግቶ ቃል በቃል ይለቅማል። እንዲህ ያለውን ሰው ማሰልቸት ቀላል አይደለም። ዲጂታል ሬዲዮ ግን አሰልችቶናል። ከሃያ ዓመት በላይ «መጣ፣ ደረሰ» ሲባልለት ኖሯል። ጥራቱ በየጉባኤው ተመስግኗል፣ ደንቡ ተጽፏል፣ ማሰራጫው በየአገሩ ተተክሏል። የጎደለው እቤታችን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዕቃ ብቻ ነው። ድምፁን ለመላክ የሚሽቀዳደም ሞልቷል፤ የሚቀበለውን ዕቃ ሠርቶ፣ ዋጋውን ቀንሶ፣ ለአድማጭ የሚያደርስ ግን ጠፋ።

መርካቶ ሬዲዮ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ገብቶ ዲጂታል አለ ወይ ብሎ ለጠየቀ ሰው የሚቀርብለት ፍላሽ የሚሰካበት፣ ሚሞሪ ካርድ የሚያጫውት፣ የጣቢያውን ቁጥር በመብራት የሚያሳይ ሳጥን ነው። ቁጥሩ ይብራ እንጂ ከአየር የሚቀበለው ያንኑ አባቶቻችን ሲያዳምጡት የኖሩትን ሞገድ ነው። ሻጮቹን አልወቅስም፤ ያልመጣ ዕቃ ከየት ያምጡ?

የእኔ ቁጭት የሚጀምረው ከወርልድስፔስ ነው። ይህን ነገር ያሰበው የእኛው ሰው ነበርና ቁጭቱ እጥፍ ነው። ኖኅ ሳማራ ከኢትዮጵያዊት እናትና ከሱዳናዊ አባት አዲስ አበባ የተወለደ የሕግ ባለሙያ ነው። በ1980ዎቹ (የአውሮፓውያኑን ዘመን ነው የምጠቅሰው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ) ኤድስ በአፍሪካ ሲዛመት ሕዝቡ ስለ በሽታው የሚነግረው አጥቶ እንደሚያልቅ አንብቦ፣ መረጃን ከሰማይ በቀጥታ ወደ ሰው ቤት ማውረድ አለብኝ ብሎ ተነሣ። ኩባንያውን በ1990 አቋቋመ። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት በጥቅምት 1998 ከፈረንሳይ ጊያና፣ ከኩሩ የማስወንጨፊያ ጣቢያ፣ በአሪያን ሮኬት ወጣች፤ በዓመቱ ስርጭት ጀመረች። ተራራ አይጋርዳት፣ የፀሐይ ግባት አይለዋውጣት፤ አንድ ሳተላይት ብቻዋን አፍሪካን አዳርሳ ጥርት ያለ ድምፅ ታወርድ ነበር። በሬዲዮ ታሪክ ለእኛ ለአፍሪካውያን ተብሎ መጀመሪያ የታሰበ ትልቅ ነገር ቢኖር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ምን ጎደለ? ሬዲዮኑ ነዋ! ሂታቺ፣ ጄቪሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ መቀበያውን ሠሩ፤ ዋጋው ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር። ትንሿ አንቴና ሳተላይቷ ወዳለችበት አቅጣጫ ካልዞረች፣ ደጅ ወይም መስኮት ላይ ካልተቀመጠች አትቀበልም። ኤድስ ሊጨርሰው ነው የተባለው ገበሬ የዓመት ጥሪቱን ሸጦ እንኳ የማይገዛው ዕቃ ሆነ። ኩባንያውም ወጪውን ለመሸፈን ፊቱን የወር ክፍያ ወደሚከፍሉ ደንበኞች፣ በተለይም ወደ ሕንድ ከተሞች አዞረ። በጥቅምት 2008 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ የሕንዱ አገልግሎት በ2009 መጨረሻ ተዘጋ። ሳተላይቱን አምነው ገንዘባቸውን ያወጡ ሰዎች ዕቃው በእጃቸው ቀረ። ሰማይ ላይ ሳተላይት ማውጣት የቻለ ዓለም፣ በድሃ አቅም የሚገዛ ሳጥን መሥራት አቃተው መባሉን እስከ ዛሬ ልቀበለው አልቻልኩም።

ከዚያ ተስፋችንን ወደ ዲ አር ኤም አዞርን። ዲጂታል ራዲዮ ሞንዲያል በሚል ስም የዓለም ትልልቅ ጣቢያዎችና የማሰራጫ ፋብሪካዎች በ1998 ቻይና ውስጥ ጓንግዡ ላይ ተፈራርመው ያቋቋሙት ማኅበር ነው። ሐሳቡ ያጓጓ ነበር። አጭር ሞገድንና መካከለኛ ሞገድን ሳይለቁ፣ በዚያው የድግግሞሽ ስፋት፣ ወደ ኤፍ ኤም የሚጠጋ ጥራት ያለው ድምፅ መላክ ይቻላል፤ ማሰራጫውም አነስ ባለ የኤሌክትሪክ ኃይል ያንኑ ሩቅ አገር ይደርሳል። ፉጨት የለ፣ መንሾካሾክ የለ፣ የጣቢያው ስም በጽሑፍ ይመጣል። ይህን የሰማ የአጭር ሞገድ ወዳጅ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። መደበኛ ስርጭቱ ሰኔ 16 ቀን 2003 ጄኔቫ ላይ በዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ፊት ተመረቀ። ያን ጊዜ ታዳጊ የነበረ ልጅ ዛሬ ልጆች አፍርቷል።

በምረቃው ቀን አንድ አድማጭ ገበያ ወጥቶ የሚገዛው ሬዲዮ አልነበረም ማለት ይቻላል። የነበሩት ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዙ፣ የባለሙያ መጫወቻ የሚመስሉ ውድ ዕቃዎች ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አውሮፓ ውስጥ በሞርፊ ሪቻርድስ ስም አንድ የጠረጴዛ ሬዲዮ ወጣ። ከዚያ የዩኒዌቭ ዲ-ዌቭ፣ ከዚያ የቻይናው ኒውስታር፣ ከዚያ የሕንዱ አቪዮን መጡ። እያንዳንዱ ብቅ ይላል፣ በጥቂቱ ይሸጣል፣ ከዚያ ፋብሪካው ማምረቱን ያቆማል። ለረጅም ጊዜ ርካሹ የሚባለው እንኳ መቶ ዶላር ግድም ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት መቶ ዶላር በባንክ ተመን ስድስት ሺህ ብር አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ይህን ከፍሎ ዜና የሚሰማ የገጠር ቤተሰብ ማን ነው?

ደግሞም የገዙትም አላረፉም። ደንቡን የሚያወጡት ሰዎች በ2010ዎቹ አዲስ የድምፅ ማመቂያ ዘዴ ጨመሩበት፤ ዘዴው በእርግጥ የተሻለ ነው፣ በትንሽ ቦታ ጥሩ ድምፅ ይልካል። ግን የመጀመሪያዎቹ ሬዲዮኖች ሊፈቱት አይችሉም። አንድ ጣቢያ ወደ አዲሱ ዘዴ ሲዛወር በአሮጌው ዲጂታል ሬዲዮ ላይ ስሙ ይታያል፣ ድምፁ ግን አይወጣም። አባቴ የገዛው ፊሊፕስ ቢጠገን ዛሬም ይሠራል፤ ማንም ደንብ አውጪ ከሩቅ ሆኖ ሊያደነቁረው አይችልም። ለሬዲዮ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የሚፈልገው ይህን ነው፤ ዕድሜ ያለው ዕቃ።

ስለ ባትሪ ድንጋዩ ሳላነሳ አላልፍም፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና። አሮጌው ትራንዚስተር ሬዲዮ ሁለት ወይም አራት ድንጋይ ጎርሶ ለሳምንታት ይናገራል። ድንጋዩ ሲደክም ገጠር ውስጥ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ለማታ ዜና ይደርሳል። ይህን ያላየ የገጠር ልጅ የለም። ዲጂታሉ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚመጣው ምልክት በአሥር ኪሎኸርዝ ስፋት ውስጥ ብዙ ጥቃቅን ሞገዶች ተሸክመውት የሚመጡ የቁጥር ጎርፍ ነው፤ ይህን የሚፈታ ኮምፒውተር በሬዲዮኑ ውስጥ ያለ ማቋረጥ ማስላት አለበት። ስሌቱ ኃይል ይበላል። ከጀርመን አገር የመጣች ዘመዴ አንዱን አምጥታልኝ ነበር፤ ድንጋዩን የጨረሰበት ፍጥነት አስደነገጠኝ። ከዚህም የባሰው፣ ባንዱን ከዳር እስከ ዳር ብቃኝ በአማርኛ የሚናገር አንድ ዲጂታል ጣቢያ አላገኘሁም። ዕቃው ከግድግዳ መብራት ካልተሰካ አይዘልቅም፤ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ደግሞ የመብራት መስመር የለውም። ሬዲዮን ከየትኛውም መገናኛ በላይ ተወዳጅ ያደረገው መብራት በሌለበት መናገሩ ነበር። ያንን ጥቅሙን ነጥቀው «ጥራቱ ጨመረ» ሲሉን ምን ብለን እንመልስላቸው?

ጥራቱም ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም። የድሮው አጭር ሞገድ ሲዳከም ቀስ እያለ ነው የሚዳከመው። ድምፁ ይርቃል፣ ይመለሳል፣ ይንሾካሾካል፤ የለመደ ጆሮ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ ወሬውን ያወጣል። አገራችን ውስጥ የውጭ ጣቢያዎች በጩኸት ሲታፈኑ በነበረበት ጊዜ እንኳ፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን ከጩኸቱ ሥር የአንባቢውን ድምፅ ለይተው ይሰሙ ነበር። ዲጂታሉ መካከለኛ የለውም። ምልክቱ በቂ ከሆነ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ትንሽ ሲያንስ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ጭራሽ ዝም ይላል። በዜናው መሐል፣ ሟቹ ስንት እንደሆነ ሊነገር ሲል ዝም ይላል። መሐንዲሶቹ ይህን ያውቁታል፤ ማሰራጫውን በማጠንከርና ድግግሞሹን በመምረጥ እንደሚስተካከልም ያስረዳሉ። እኔም አምናቸዋለሁ። ግን ማሰራጫውን የሚያጠነክርልን ማን ነው?

ሀብታሞቹም ጠብቀዋል፣ ይህን አልክድም። ቢቢሲ ዳብ የተባለውን ዲጂታል ስርጭት ለንደን ላይ የጀመረው በመስከረም 1995 ነው። የእንግሊዝ ተራ ቤተሰብ ከመቶ ፓውንድ በታች የሚገዛው ሬዲዮ ያገኘው በ2002፣ ፒውር የተባለው ኩባንያ ኢቮክን በ99 ፓውንድ ሲያወጣ ነው። ሰባት ዓመት ማለት ነው። ኖርዌይ ብሔራዊ የኤፍ ኤም ስርጭቷን በ2017 አጠፋች፤ የስዊዘርላንድ የሕዝብ ሬዲዮ በ2024 የመጨረሻ ቀን አጠፋ። እዚያም የመኪናቸው ሬዲዮ ዝም ያለባቸው ሰዎች በምሬት ተናግረዋል። ልዩነቱ፣ የእነሱ አድማጭ ገበያ ሲወጣ ሬዲዮኑን ያገኛል።

ያ ዳብ የሚሉት ደግሞ ለእኛ አገር አይሆንም። በከፍተኛ ድግግሞሽ የሚሄድ ነው፤ ተራራ ይገድበዋል፣ ከአንዱ ምሰሶ የሚሸፍነው በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው። ሰሜን ሸዋንና ላስታን፣ ከፋንና ባሌን በእንዲህ ያለ ምሰሶ ለመሸፈን ስንት ተራራ ላይ መብራትና ጥበቃ መውጣት አለበት? በኤፍ ኤም ያየነው ይኸው አይደለም? ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ከጀመረ፣ ሸገር 102.1 ከመጣ ወዲህ ከተሜው ሬዲዮ ተትረፈረፈለት፤ ከከተማው ጥቂት ወጣ ያለው ሰው ግን መደወያውን ሲያዞር የሚሰማው ሹሹታ ነው። ለእንዲህ ያለ አገር የሚሆነው ከአንድ ቦታ ተነሥቶ አገሩን ሁሉ የሚያዳርሰው አጭርና መካከለኛ ሞገድ ነው። ዲ አር ኤም ለእኛ የተፈጠረ የመሰለንም ለዚህ ነበር።

ሕንድን ተመልከቱ። የሕንድ ብሔራዊ ሬዲዮ ሠላሳ አምስት የመካከለኛ ሞገድ ዲጂታል ማሰራጫዎች ተከለ። እንዲህ ያለ ቆራጥነት ያሳየ ሌላ አገር የለም፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ሬዲዮኑ ግን የገባው በዋናነት አዳዲስ መኪና ውስጥ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ዲጂታሉን ይቀበላሉ፤ እርሻው ዳር ትራንዚስተር ሰቅሎ የሚያርመው ሰው ግን አሁንም አሮጌውን ነው የሚሰማው። መኪና ያለው ሰው ስልክም ኢንተርኔትም አለው፤ ሬዲዮ ብቻ ያለውን ሰው ነው የዘለሉት። ኒውዚላንድም ከ2006 ጀምሮ ወደ ፓስፊክ ደሴቶች በዲጂታል አጭር ሞገድ ትልካለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት የደሴቶቹ ጣቢያዎች ናቸው፣ እነሱም በኤፍ ኤም መልሰው ለሕዝቡ ያሰሙታል። ይህ ማለት ዘዴው ይሠራል። ሳይሠራ ቀርቶ አይደለም እኛ ጋ ያልደረሰው፤ እቤት ላለው አድማጭ የሚያስብ ስለጠፋ ነው።

ጣቢያዎቹን ስትጠይቃቸው ሬዲዮኑ በሰው እጅ ስለሌለ ለማን እንላክ ይላሉ። ፋብሪካዎቹን ስትጠይቃቸው የሚሰማ ጣቢያ በሌለበት ማን ይገዛናል ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱ ቤት ተጣልተው አማላጅ ያጡ ባልና ሚስት ይመስላሉ፤ በመሐል የሚጎዳው ልጁ ነው። አማላጅ መሆን የነበረባቸው መንግሥታት ናቸው፤ ለሚሊዮን ሬዲዮ ትዕዛዝ ቢሰጡ ቺፑ ይረክሳል፣ ቺፑ ሲረክስ ሬዲዮኑ ይረክሳል። ለቴሌቪዥን ይህ ተደርጓል። በ2006 ጄኔቫ ላይ አገሮች ተስማምተው አሮጌው የቴሌቪዥን ስርጭት በሰኔ 2015 እንዲያበቃ ቀን ቆረጡ፤ ቀኑ በብዙ አገር ቢዘገይም ቀን ተቆርጦ ስለነበር ዲኮደሩ በየሱቁ ተደረደረ። ለሬዲዮ ግን እንዲህ በጋራ ቀን የቆረጠ የለም።

ይሄ ሁሉ ሳያንስ፣ አዲሱ ሳይገባ አሮጌው እየወጣብን ነው። በዲጂታሉ ሙከራ ቀዳሚ ከነበሩት አንዱ የሆነው የኔዘርላንድስ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ በሰኔ 2012 አጭር ሞገዱን ዘጋ። በዚያው ወር የካናዳውም ዘጋ። የቢቢሲ የዓረብኛ ሬዲዮ ከአሥርት ዓመታት በኋላ በጥር 2023 ተዘጋ። በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ወደ ቤታችሁ ሂዱ ተብለው ከ1982 ጀምሮ የምናውቀው የአማርኛ ሰዓት ዝም አለብን። የአሜሪካው ሰበብ ሌላ ቢሆንም፣ የሌሎቹ መዝጊያ ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አድማጩ ወደ ኢንተርኔት ሄዷል የሚል። የትኛው አድማጭ? በ2015 ዓ.ም. ክረምት አማራ ክልል ውስጥ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ከዚያ በፊትም ትግራይ ውስጥ ስልኩም ባንኩም ተዘግቶ ሕዝቡ በጨለማ ሲቀመጥ፣ ማን በስልክ ዜና ሰማ? ያን ጊዜ ከሣጥን ሥር የወጣው አሮጌው ባለ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ነበር። ቢቢሲ ራሱ በመጋቢት 2022 ለዩክሬን ሕዝብ አጭር ሞገድ መልሶ ከፍቷል፤ ጦርነት ሲመጣ የማይቆረጠው መስመር የትኛው እንደሆነ ስለሚያውቅ። ታዲያ ለዩክሬኑ ሰው የሚገባው ለእኛ ለምን ይነፈጋል?

ወሎ ያሉ ዘመዶቼ ከ1965 ጀምሮ የሚተላለፈውን የጀርመኑን የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ስርጭት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ተሰብስበው ይሰማሉ። ጋሼ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ሬዲዮኑን ማንም እንዲነካበት አይፈቅድም፤ ድግግሞሹን በጣቱ ነው የሚያውቀው። ስለ ዲጂታል ስነግረው የሚጠይቀኝ ሦስት ነገር ነው፤ ስንት ድንጋይ ይበላል፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ ጀርመንን ይይዛል ወይ? የትኛውንም ልመልስለት አልቻልኩም። የዓለም ጉባኤዎች ሃያ ዓመት ስለ ድምፅ ጥራት ሲወያዩ፣ እነዚህን ሦስቱን ጥያቄ ቀድመው ቢመልሱ ኖሮ ዛሬ የምናማርረው ባልነበረ።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በየገጠሩ ከትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ጋር የሚሸጠው መብራት ኤፍ ኤም ሬዲዮ ተገጥሞለት ይመጣል፤ ኃይሉ እዚያ አለ፣ ነጋዴው እዚያ አለ፣ ገዢው እዚያ አለ። ዲጂታሉንም አሮጌውንም አጭር ሞገድ የሚይዝ ክፍል እዚያ ሳጥን ውስጥ ይግባ። የእኛም ብሔራዊ ሬዲዮ ከገጃ ማሰራጫ ጣቢያው የሚነሣውን ስርጭት ወደ ዲጂታል የማዛወር ሐሳብ ካለው ለሕዝብ ይንገር፤ ከሌለውም ይንገር፣ ቁርጡን እንወቅ። የውጭ ጣቢያዎችም ሬዲዮኑ በሰው እጅ እስኪገባ ድረስ አሮጌውን ማሰራጫ አይንቀሉ። የአጭር ሞገድ የድግግሞሽ ሰንጠረዥ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በጥቅምት ይቀየራል። በተቀየረ ቁጥር አዲስ ዲጂታል የአማርኛ ሰዓት ይጨመርልን ይሆን ብለን እናይ ነበር፤ አሁን የምናየው የቀረን አንዱ ተሰርዞ እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው።